ሐረጎን መውጣት ዝግመተ ለውጥ ነው?

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። ለሥራ ደሴ ስገባ ዳገት በወጣሁ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። አሁን ምንም አይለኝ። ሰውነቴ ዝግመተ ለውጥ አድርጓል ማለት ነው? (ከደሴ ፒያሳ)

መልስ፦ የለም ወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጣህ እንጂ ዘርህ አልተለወጠም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ሰውነትህ አሠራሩን አስተካከለ፤ ይህን ግን ለልጅህ አታወርሰውም። ዝግመተ ለውጥ የትውልድ ጉዳይ ነው። በዘር የሚተላለፍ ልዩነት ይኖራል። ለቦታው የተመቸው ብዙ ልጅ ይተርፍለታል፤ ልዩነቱም አብሮ ይበዛል።

ለብዙ ሺህ ዓመት ደጋ የኖሩ ሕዝቦች ላይ ነው ነገሩ የሚታየው። እኔን የሚገርመኝ መፍትሔው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን በጣም ይበዛል። ቲቤቶች ላይ ብዙም አይጨምርም። በሰሜን ደጋችን 3,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ አማሮች ሲጠኑ ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም አልራቀም። ከዚህ ጋር የተያያዙት ጂኖችም በአብዛኛው ከቲቤቶቹ የተለዩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ፣ ዝንጀሮ ለምን አልጠፋም?

መልስ፦ ይህቺ ጥያቄ መቼም አትቀርም! ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ አልመጣንም፤ ጥንት አንድ ቅድመ አያት ነበረን፣ ከዚያ መንገዳችን ተለያየ። ቦረና ሳይንት ገደል አፋፍ ላይ ሣር የምትነጨው ጭላዳም ሰው መሆን ያቃታት አይደለችም። ሣር ዋና ምግቧ የሆነ ዝንጀሮ ዛሬ እሷ ብቻ ናት።

ጥያቄ፦ የወባ ትንኝ ርጭቱን ለመደችው ይባላል። እውነት ትለምዳለች? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አትለምድም፣ ትሞታለች። ከመጀመሪያው በተፈጥሮዋ የምትቋቋም አንዳንዷ ግን ትተርፍና እንቁላል ትጥላለች። ርጭቱ በተደጋገመ ቁጥር የሚቀሩት የእሷ ልጆች ናቸው። ዲዲቲን ከአገራችን የቤት ርጭት ያስወጣው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የወሎ ማሽላ ዓይነቱ ለምን በዛ?

መልስ፦ ቆላው አንዱን ይመርጣል፣ ወይና ደጋው ሌላውን። ገበሬውም ይመርጣል። እነ «ወተት በጉንጬ»ን አስቡ። በ1973 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከሺዎች ማሽላ መሐል ላይሲን የተባለው ጠቃሚ የፕሮቲን ክፍል እጅግ የበዛባቸው ሁለቱ የኢትዮጵያ ሆነው ተገኙ። ፍሬያቸው ጭምድድ ያለ ነው፣ ምርታቸውም ያንሳል። የወሎ ገበሬ ግን እሸቱን ጠብሶ መብላት ስለሚወድ ዘራቸውን አላጠፋም።