ጋሼን ጠይቁ፦ መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ልቅር ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በማኔጅመንት ተመርቄ መሐል ሜዳ ላይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጓደኞቼ «አቧራ ስትጠርግ ልታረጅ ነው» ይሉኛል። እርስዎ በመምሪያ ኃላፊነት ጡረታ ወጥተዋል። ልቆይ ወይስ ልልቀቅ? — ት.፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ቆይ ልጄ። እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነው።

ደብረ ብርሃን፣ ክረምት ከበጋ ካፖርት የማይወልቅበት ክፍል ነበር። ሥራዬ ገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገብ። መጀመሪያ እጄ ብቻ ነበር የሚሠራው። እያደር ማንበብ ጀመርኩ። ማን ምን አመለከተ፣ ለማን ተመራ፣ የማን ጠረጴዛ ላይ ተኛ፤ የመሥሪያ ቤቱ ጓዳ ሁሉ እዚያ ነው። ኋላ ኃላፊ ስሆን የጠቀመኝ እሱ ነው። የሰው ጉዳይ የት እንደሚቀበር አውቅ ነበር።

አንድ ቀን አለቃዬ ደብዳቤ ይዞ መጣ። «ባለፈው ወር ቀን መዝግብልኝ» አለ። ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ የአንዲት ባልቴት የይግባኝ ጊዜ ያልፍባታል። የወጪ መዝገቡን ገልጬ አሳየሁት። 214፣ ቀጥሎ 215። መሐላቸው ክር አያስገባም። «214/ሀ በለዋ!» አለኝ። እምቢ አልኩ። ሁለት ዓመት እድገት ተከለከልኩ። ሴትየዋ ግን ይግባኟን በጊዜው አስገባች። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ደግሞ ሥራህን አትናቅ። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነዋል። ብዕርና ማኅተም የያዘ ሰው ማለት ያኔም ትልቅ ሰው ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጡረታዬ ሲሠራ የቅጥር ደብዳቤዬ ከማኅደሬ ጠፍቶ ተገኘ። ያዳነኝ ቤት ያስቀመጥኩት ግልባጭ ነው። ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የ4 ዓመት ማስረጃ ጠፋ ማለት 5 በመቶ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ የቅጥር ደብዳቤህን ፎቶ ኮፒ አድርግና እናትህ ሣጥን ውስጥ አስቀምጥ።