የካሜራ ጥያቄ፦ ኔቡላዬ ለምን ቀይ ብቻ ሆነ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ያገለገለ ባለ ቀለም የሥነ ፈለክ ካሜራና ባለ ሁለት ባንድ ፊልተር ይዞልኝ መጣ። ጥር ላይ ከቤታችን ጣሪያ ሆኜ ሮዜት ኔቡላን፣ ያንን ሰማይ ላይ የሚያበራ የጋዝ ደመና፣ አነሣሁ። ፎቶዎቹን ደርቤ ሳያቸው ሁሉም ነገር ቀይ ነው። ሰዎች የሚለጥፉት ግን ወርቃማና ሰማያዊ ነው። ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) ስጨምር ጭራሽ ባሰበት። ኮምፒውተሬ ላይ ያሉት የፎቶ ማቀነባበሪያ ፕሮግራሞች ሲሪልና ጂምፕ ብቻ ናቸው። ምን ላድርግ? ጓደኛዬ ደግሞ «ያ ወርቃማ ቀለም ውሸት ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አጎትህ ይባረክ። ቀይ መሆኑ አያስደንግጥህ፤ ፊልተሩ ሥራውን እየሠራ ነው።

ያ ፊልተር ሁለት ጠባብ መስኮት ብቻ ነው ያለው። በአንዱ የሃይድሮጂን ቀይ ብርሃን ያልፋል፤ 656.3 ናኖሜትር ላይ ያለው። በሌላው የኦክስጅን ብርሃን ያልፋል፤ 500.7 ላይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል። የመንገድ መብራት ብርሃን አብዛኛው በነዚህ መስኮቶች አይገባም። መሀል ከተማ ጣሪያ ላይ ሆነህ ኔቡላ ማንሣት የቻልከውም ለዚህ ነው። ሮዜት ላይ ደግሞ ሃይድሮጂኑ ከኦክስጅኑ በጣም ይበረታል። ሳቹሬሽን ስትጨምር እንግዲህ የጨመርከው ያንኑ ቀይ ነው።

ሴንሰርህ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ትንሽ ባለ ቀለም ማጣሪያ አለው። ከአራቱ አንዱ ቀይ፣ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። ይህን አደራደር ያመጣው የኮዳኩ ብራይስ ባየር ነው፤ የፈጠራ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ተሰጠ። እኔ የኮዳክ ፊልም ሳጥብ ስኖር ይህን ማን ነግሮኝ! የሃይድሮጂኑ ብርሃን የሚያርፈው ቀዮቹ ፒክስሎች ላይ ነው። የኦክስጅኑ አረንጓዴዎቹና ሰማያዊዎቹ ላይ። ስለዚህ አንዱ ፎቶህ ውስጥ ሁለት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አሉ። መጀመሪያ እነሱን ለያይተህ አውጣ። ስለ ቀለም ማሰብ ከዚያ በኋላ ነው።

መለየቱ ግን ገና ከጅምሩ መሆን አለበት። ቀይ ወጥና አልጫ አንድ ድስት ከገቡ በኋላ የሚለያቸው የለም። አንተ ያደረግኸው ፎቶውን መጀመሪያ ወደ ቀለም መቀየር ይመስለኛል። ያኔ ፕሮግራሙ የጎደለውን ቀለም ከጎረቤት ፒክስሎች እየገመተ ይሞላል። ሁለቱ ጋዞችም ይደባለቃሉ። ሲሪል ለዚህ የተዘጋጀ ስክሪፕት፣ ማለትም ሥራውን በተራ የሚፈጽም የትእዛዝ ዝርዝር፣ አለው። የስክሪፕት ሜኑ ውስጥ ግባና «ኦኤስሲ ኤክስትራክት» ብሎ የሚጀምረውን ፈልግ። የኔቡላውን ፎቶዎች፣ ዳርኮቹን (ተከድኖ የተነሡትን)፣ ፍላቶቹን (እኩል የበራ ነገር ላይ የተነሡትን) እና ባያሶቹን (ተከድኖ በጣም አጭር ጊዜ የተነሡትን) በየፎልደራቸው አስቀምጠህ አስነሣው። ሲጨርስ ሁለት ፋይል ይሰጥሃል፤ አንዱ ሃይድሮጂን፣ አንዱ ኦክስጅን። ሁለቱም ግራጫ ናቸው። ፍላት አላነሣሁም ካልከኝ ግን እንጣላለን።

ከዚያ የሰማዩን ዳራ አስተካክል። ባሕር ዳር ላይ ሰማዩ እኩል አይጨልምም። በሰሜን በኩል ሐይቁ ጨለማ ነው፤ በሌላው በኩል ከተማው ያበራል። ደግነቱ ሮዜት ከኛ ሰማይ አናት ላይ ነው የሚያልፈው። በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ አንገትህን ቀጥ አድርገህ ሽቅብ ብታይ እዚያ ነው። ስለዚህ የከተማው ብርሃን ብዙ አይጎዳውም። ሲሪል ዳራውን እንዲያስተካክል ስታዝዘው የዳራውን ብርሃን የሚለካባቸውን ነጥቦች በራሱ እንዲበትናቸው አትፍቀድለት። ኔቡላው ፎቶውን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ነጥብ ኔቡላው ላይ ካረፈ ኔቡላውንም እንደ ቆሻሻ ብርሃን ቆጥሮ ይቀንስልሃል። በእጅህ፣ ጥቁር የሆነው ጥግ ላይ ብቻ አስቀምጣቸው።

ቀጥሎ ከዋክብቱን አስወግድ። ስታርኔት የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ከሲሪል ጋርም ይሠራል። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ውጤቱም ወይን ጠጅ ቀለበት የለበሱ ከዋክብት ናቸው።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ ስትሬች። ሁለቱን ግራጫ ፎቶዎች ለየብቻ አብራቸው። ኦክስጅኑ ደካማ ስለሆነ ከሃይድሮጂኑ የበለጠ መጎተት ይፈልጋል። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እያየህ የሁለቱ ጨለማ ዳራ አንድ ቦታ ላይ እስኪገናኝ አስተካክል። እዚህ ላይ ጊዜህን አትሰስት። ሁለቱን እኩል ሳታደርግ ብታዋህድ ኦክስጅኑ ይዋጣል፤ ተመልሰህ ያው ቀይ ላይ ነህ። ኦክስጅኑ ስትጎትተው ጭርጭር ይላል። ኖይዙን ከሃይድሮጂኑ ጠንከር አድርገህ አለስልስ። ዝርዝሩን ዓይን የሚያየው ከሃይድሮጂኑ ስለሆነ ብዙ አይታወቅብህም።

ማዋሃዱ ቀላል ነው። ቀዩ ቻናል ላይ ሃይድሮጂኑን አስገባ። አረንጓዴውና ሰማያዊው ላይ ኦክስጅኑን። ቀይና ቱርኩዋዝ ፎቶ ይወጣልሃል። ለእኔ ከሁሉ የሚያምረኝ ይሄኛው ነው፤ ለትክክለኛው ቀለምም የሚቀርበው እሱ ነው። ወርቃማውን ካልሆነ እንቢ ካልክ አረንጓዴውን ብቻ ቀይር። ሲሪል ውስጥ ፒክስል ማዝ የሚል፣ ፎቶዎችን በቁጥር የሚያደባልቅ መሣሪያ አለ። እዚያ አረንጓዴውን የሃይድሮጂን 0.5 ሲደመር የኦክስጅን 0.5 አድርገው። ሃይድሮጂን ብቻ ያለበት ቦታ ሙሉ ቀይና ግማሽ አረንጓዴ ያገኛል፤ ወደ ወርቅ የሚያደላ ብርቱካናማ ይሆናል። ኦክስጅን ብቻ ያለበት ሙሉ ሰማያዊና ግማሽ አረንጓዴ ያገኛል፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል። ሁለቱ እኩል የሆኑበት ይነጣል። ቁጥሩን 0.4 እና 0.6 እያልክ እየቀያየርክ ሞክር። ከዋክብቱን መጨረሻ ላይ ትመልሳቸዋለህ። ከቻልክ ፊልተሩን አውልቀህ አጫጭር ፎቶ አንሣና የእነዚያን ከዋክብት ተጠቀም፤ ቀለማቸው የራሳቸው ይሆናል።

የጓደኛህን ነገር ደግሞ እንየው። ወርቃማውን ፋሽን ያደረገው ሐብል ቴሌስኮፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ንስር ኔቡላ ውስጥ ያሉትን የጋዝ ዓምዶች ሲያነሣ ሦስት ጋዝ ነበር የለየው። ድኝን ቀይ፣ ሃይድሮጂንን አረንጓዴ፣ ኦክስጅንን ሰማያዊ አደረጉት። ሃይድሮጂን በዓይን ቢታይ ቀይ ነው፤ እነሱ ግን አረንጓዴ ቀቡት። ምክንያት አላቸው። የድኙ ብርሃንም ቀይ ነው፣ 672 ናኖሜትር አካባቢ። ሁለቱን በራሳቸው ቀለም ብትተዋቸው ቀይ በቀይ ላይ ሆኖ ማንም አይለያቸውም። ስለዚህ ረጅሙን ሞገድ ለቀይ፣ መካከለኛውን ለአረንጓዴ፣ አጭሩን ለሰማያዊ ሰጡ። ይህ ማታለል አይደለም። የትኛው ጋዝ የት እንዳለ ማሳያ ነው።

ያንተም ፎቶ እንደዚያው ይናገራል። ከሃይድሮጂን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ይበቃል። ኦክስጅን በዚያ ቀለም እንዲያበራ ግን ሁለት ኤሌክትሮን ማጣት አለበት። ሁለተኛውን ለመንጠቅ 35 ያህል ያስፈልጋል። ይህን የሚችሉት በጣም የጋሉ ከዋክብት ናቸው። ሮዜት መሀል ላይ እንዲህ ያሉ ወጣት ከዋክብት ተሰብስበዋል። ሰማያዊው ወደ መሀል፣ ወርቃማው ወደ ዳር የሚሆነው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ዊሊያም ሀጊንስ ይህን የኦክስጅን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1864 ሲያየው ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ኋላ ላይ «ኔቡልየም» ብለው አዲስ ንጥረ ነገር አደረጉት። ኦክስጅን መሆኑን አይራ ቦወን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው።

ስለዚህ ለጓደኛህ እንዲህ በለው። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ የሙሽሮችን ፊት ሳቀላ ስኖር ውሸታም ያለኝ የለም፤ መባል የነበረበት ግን እዚያ ነበር። አንተ ቀለም ስትመድብ ከፎቶው ሥር ጻፈው፤ «ቀይ ሃይድሮጂን፣ ሰማያዊ ኦክስጅን፣ አረንጓዴው ድብልቅ» ብለህ። አንድ ነገር ብቻ አታድርግ። በሁለት ጋዝ የሠራኸውን «የሐብል ቀለም» ብለህ አትለጥፍ። ፎቶህ ውስጥ ድኝ የለም። እሱ ይኑርህ ካልክ የድኙን መስመር የሚያሳልፍ ሌላ ፊልተር ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከጎርጎራ ነው። እኔ ያለኝ ተራ የሠርግ ካሜራ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስና ትሪፖድ ብቻ ነው። ባለ ሁለት ባንድ ፊልተር ብገዛ እንዲህ ያለ ፎቶ ይወጣልኛል?

መልስ፦ ፊልተሩን አሁን አትግዢ፣ እህቴ። ትሪፖድሽ ሰማዩን ተከትሎ አይዞርም። ፊልተሩ ደግሞ ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎች ይፈልጋል። በዚያ ላይ ተራ ካሜራ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ከፋብሪካ የመጣ ማጣሪያ አለው፤ የሃይድሮጂኑን ቀይ አብዛኛውን ይውጠዋል። ሮዜትን እርሺው።

በኦሪዮን ኔቡላ ጀምሪ። ደማቅ ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ምሽት ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። የባሕር ዳር ብርሃን ከአንቺ በስተደቡብ፣ ከሐይቁ ማዶ አድማስ ላይ ስለሚቀር አይደርስበትም። ሌንስሽን በደንብ ክፈቺ፣ አይኤስኦ 1600 አድርጊ፣ ለአንድ ፎቶ 5 ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከዋክብቱ ይሰመራሉ። በሮው ፋይል (ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው) መቶ፣ ሁለት መቶ ፎቶ አንሺና ሲሪል ላይ ደርቢያቸው። ሐይቁ ዳር ከሆንሽ ሌንሱን ቶሎ ቶሎ እዪው፤ እርጥበቱ ሳታውቂው ያለብሰዋል። ገንዘቡን ለፊልተር ከማዋልሽ በፊት ሰማዩን ተከትሎ የሚዞር ትንሽ መከታተያ ግዢበት።