የሙያ ምክር፦ ጥያቄሽ ከሰሌዳው ይነሳ

ውድ እህቴ፣

ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ደብዳቤሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። የሥዕል ትምህርትሽን ልትጨርሺ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል። በመጨረሻው ዓመት ወደ ህትመት ክፍል ገባሽ፤ ሊኖሊየም (ለመቅረጽ የሚመች ለስላሳ የወለል ንጣፍ፣ ባጭሩ ሊኖ) ቀረጽሽ፣ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በመርፌ ጫርሽ፣ ከዚያ በኋላ ብሩሽ አላማረሽም። አሁን ምኞትሽ ከወረቀቱ እስከ ጥረዛው የእጅሽ ሥራ የሆነ መጽሐፍ ማውጣት ነው። ከፊትሽ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ በአንድ የህትመት ወርክሾፕ በረዳትነት መቀጠር፣ ወይም በሥነ ጥበባዊ ምርምር ላይ፣ ማለትም ጥበቡን በመሥራት በሚካሄድ ጥናት ላይ፣ ያተኮረ የማስተርስ ትምህርት መጀመር። መምህርሽ «የእጅ ሙያ ምርምር አይባልም» ብለውሻል፤ ቤተሰብሽ ደግሞ ነገሩ መተዳደሪያ መሆኑን ይጠራጠራሉ። በመጨረሻም «ማተሚያ መኪና አሁን ልግዛ?» ብለሻል።

ከመምህርሽ አባባል ልጀምር፣ ስላልተዋጠልኝ። እንግሊዛዊው የህትመት ሠዓሊ ስታንሊ ዊሊያም ሄይተር የተማረው ኬሚስትሪ ነው፤ በነዳጅ ኩባንያም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1927 በፓሪስ የከፈተውና በኋላ አተልዬ 17 የተባለው ወርክሾፕ ስመ ጥሩም ጀማሪውም ጎን ለጎን ቆመው የሚሞክሩበት ቦታ ነበር። እዚያ በ1950ዎቹ ሕንዳዊው ክሪሽና ሬዲና ባልደረባው ካይኮ ሞቲ የቀለምን ቅጥነትና ውፍረት ሥራዬ ብለው ያዙት። በተልባ ዘይት የቀጠነ ቀለም በላዩ የሚመጣውን ወፍራም ቀለም አይቀበልም። ስለዚህ በአሲድ በተለያየ ጥልቀት የተበላ ሰሌዳ ላይ ቀጭኑ ቀለም በጠንካራ ሮለር ከፍ ያለውን ገጽ ብቻ ይነካል፤ ቀጥሎ ለስላሳው ሮለር ወፍራሙን ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ያወርደዋል። ሁለቱ ሳይዋዋጡ አንድ ሰሌዳ በአንድ ጊዜ ግፊት ብዙ ቀለም ይሰጣል። ይህን ዕውቀት ያስገኘው የዘይቱን መጠንና የሮለሩን ጥንካሬ እየለዋወጠ ውጤቱን የተከታተለ እጅ ነው። ዛሬ በየትም አገር ያለ ሠዓሊ ያንኑ ደግሞ መሥራት ይችላል። ይህ ምርምር ካልተባለ ምን እንደሚባል መምህርሽ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ይሁን እንጂ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ንጹሕ ህትመት ማውጣት ብቻውን ምርምር አይሆንም። ለማስተርሱ ያዘጋጀሽው የጥናት ሐሳብ «ትዝታና ማንነት በህትመት ጥበብ» ይላል። ርዕስ እንጂ ጥያቄ አላየሁበትም። በፎቶግራፍም፣ በፊልምም ሊሠራ ይችላል፤ ለምን በመዳብ ሰሌዳ እንደሆነ አንድ መስመር እንኳ አይናገርም። ደብዳቤሽ መካከል ግን እንደ ዋዛ የጣልሽው ነገር አለ፦ ድራይፖይንት (ያለ አሲድ በመርፌ ብቻ ሰሌዳ መጫር) ስትሠሪ ጥቂት ቅጂዎች እንዳተምሽ መስመሮችሽ መሳሳት መጀመራቸው አናዶሻል። መርፌው መዳቡን ሲጭር በመስመሩ ዳርና ዳር ሻካራ ጠርዝ ይነሳል። ያ ለስላሳ፣ ጢስ የመሰለ ጥቁረት የሚመጣው ጠርዙ ቀለም ስለሚይዝ ነው፤ የማተሚያው ግፊት ደግሞ በየህትመቱ ጠርዙን ይደፈጥጠዋል። ሌሎች ይህን ለመከላከል መዳቡን በስስ ብረት ያስለብጡታል። የአንቺ ጉዳይ የትዝታ መደብዘዝ ከሆነ ግን ለምን ትከላከይዋለሽ? አንዱን ሰሌዳ እስኪደክም አትሚው፤ ህትመቶቹን በወጡበት ተራ ጠርዢያቸው። ያን ጊዜ እውነተኛ ጥያቄዎች ራሳቸው ይመጣሉ። ሰሌዳው ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ከበቃ «እትም» የሚባለው፣ የአንድ ዓይነት ቅጂዎች ስብስብ፣ ምን ይሆናል? ደግመሽ ብትጭሪው ሁለተኛው ቅጂ ያው መጽሐፍ ነው? ከመዳብ የሚለሰልሰው ዚንክ አደካከሙ በዓይን ይለያል? እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዘሽ ከቀረብሽ «ለምን ህትመት?» የሚልሽ ገምጋሚ አይኖርም።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ወርክሾፑ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ማስተርሱ። ተቋሙ መግቢያሽን ያቆይልሽ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። በወርክሾፕ የምትሠሪው ለሌሎች ሠዓሊዎች ነው። ሠዓሊው «እንደዚህ ይታተም» ብሎ የፈረመበት ናሙና ከፊትሽ ይሰቀላል፤ የቀሩት ቅጂዎች ሁሉ እሱን መምሰል አለባቸው፤ ያልመሰለው ይቀደዳል። አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ ማውጣት የቻለ ሰው ብቻ ነው ልዩነት ሲመጣ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው። ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ጁን ዌይን እ.ኤ.አ. በ1960 በሎስ አንጀለስ ታማሪንድ የተባለውን የሊቶግራፊ (በድንጋይ ላይ በቅባት ሥሎ የማተም ዘዴ) ወርክሾፕ ስታቋቁም ዋና ዓላማዋ ለሠዓሊዎች የሚያትሙ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር፤ ወርክሾፑ በ1970 ወደ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ሥራውን ቀጥሏል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ያዢ። የብረቱ ዓይነት፣ የአሲዱ ጥንካሬና ሙቀት፣ የቆየበት ደቂቃ፣ ቀለሙ ላይ የተጨመረው ዘይት፣ የወረቀቱ ክብደትና የተነከረበት ጊዜ፣ የማተሚያው ግፊት ይጻፍ። የተበላሸውም ህትመት ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጥ። መጻፍ ያስፈራኛል ብለሻል፤ የማስተርስ ጽሑፍሽ ግማሹ ከዚህ ደብተር ይወጣል።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ክፍሉን ዞረሽ እዪ። መዳብን በናይትሪክ አሲድ የሚያስበሉ ከሆነ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ አየር መሳቢያ የሌለበት ክፍል አትግቢ። ፌሪክ ክሎራይድ የተባለው ሌላው የሰሌዳ ማስበያ ለመዳብ የተሻለ ነው፣ ዚንክ ሲገባበት ግን ይግላል፣ ሃይድሮጅንም ይለቃል። ለአኳቲንት (በአሲድ ሰፊ ጥላ የማውጣት ዘዴ) የሚነፋው የሮሲን (የጥድ ሙጫ) ዱቄት አስም ያመጣል፣ ከእሳት ብልጭታ ጋር ከተገናኘም ሊፈነዳ ይችላል። ቀለም በአትክልት ዘይት መጥረግ ሲቻል ቀኑን ሙሉ በቤንዚን የሚያጥቡ ከሆነ ሌላ ወርክሾፕ ፈልጊ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

አሁን ወደምትጓጊለት መጽሐፍ። የብዙ ህትመት ሠዓሊዎች መጽሐፍ የሚበላሸው በሥዕሉ ሳይሆን ቆንጆ ህትመቶች ተሰብስበው ሽፋን ስለሚደረግላቸው ነው። ያ አልበም ይሆናል። የሠዓሊ መጽሐፍ የገጽ መገለጥን፣ የፊትና የኋላ ቅደም ተከተልን፣ የእጅን ፍጥነት ጭምር ይሠራበታል። ውድ መሆንም የለበትም፤ ኤድ ሩሼ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው የነዳጅ ማደያዎች ፎቶግራፍ መጽሐፍ ኦፍሴት በሚባለው ተራ የማተሚያ ቤት ዘዴ የታተመ ርካሽ ነገር ነበር።

ቁሱም የራሱ ሕግ አለው። ለመዳብ ህትመት ወረቀቱ ይነከራል፤ እርጥብ ወረቀት ደግሞ ከቃጫው አቅጣጫ ይልቅ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ሁለተኛ ሰሌዳ ስትደርቢ መስመሩ የሚዛነፍብሽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጥረዛ ላይ ቃጫው ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ ካልሆነ ገጹ ይገተራል እንጂ አይተኛም። የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱን ስለሚያጎደጉደው በጀርባው ሌላ ሥዕል ማተም አስቸጋሪ ነው። ለዚህ እጅግ የምወደው መፍትሔ የምሥራቅ እስያ ጠራዦች የተጠቀሙበት ነው፦ በአንድ ፊት ብቻ ታትሞ ይታጠፋል፣ እጥፋቱ ወደ ውጭ ጠርዝ ይሆናል፣ ክፍቱ ጎን በጀርባው በኩል ይሰፋል፤ ባዶው ገጽ ተደብቆ ይቀራል። በሊኖ ብትሠሪና ወረቀቱን በአራት ሉህ አጥፈሽ የ16 ገጽ ክፍል ብታዘጋጂ ደግሞ 2ኛው ገጽ ከ15ኛው ጋር በአንድ ፊት እንደሚታተም ቀድመሽ አስቢ፤ ከመቅረጽሽ በፊት በተራ ወረቀት ሙሉ ናሙና ሥሪ። የቅባት ቀለም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ቸኩለሽ ከጠረዝሽ ትይዩው ገጽ ላይ ይገለበጣል።

ለቤተሰብሽ የምትነግሪያቸው እንዲህ ነው፦ ከዚህ ሙያ የሚተዳደሩ ሰዎች ገቢ ከአንድ ቦታ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። ለሌሎች ማተም፣ በዩኒቨርሲቲ የወርክሾፕ ቴክኒሻን መሆን፣ ማስተማር፣ ጥረዛ፣ የራስን እትም መሸጥ ይደራረባሉ። ለወረቀት ያለሽ ትኩረት ጎልቶ ስለታየኝ አንድ ልጨምር፤ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች የወረቀት ጥገና ባለሙያ ይፈልጋሉ። የተለየ ሥልጠና ቢጠይቅም ህትመትን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው እዚያ ይከበራል።

መኪናውን አሁን አትግዢ። ሊኖና እንጨት ያለ መኪና ይታተማሉ፤ የጃፓን አታሚዎች ባረን በተባለ ክብ የእጅ ማሻ ወረቀቱን ከጀርባው እያሹ እጅግ ረቂቅ ሥራ አውጥተውበታል። የመዳብ ሰሌዳ ግን ከባድ ግፊት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከሥራ ሰዓት ውጭ በወርክሾፑ መኪና የራስሽን ሥራ ማተም እንደምትችዪ፣ ያተምሽውም የአንቺ ንብረት እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍልሽ።