መልስ፦ ወንድሜ ከፌኖባርቢታል ወደ ካርባማዜፒን ተቀየረ፤ ሁለቱም አንድ አይደሉም ወይ?

አይደሉም። ሁለቱም የሚጥል በሽታን ይከላከላሉ፤ አንጎል ውስጥ የሚሠሩበት መንገድ ግን ይለያያል።

ነርቭ መልእክት የሚልከው ሶዲየም ወደ ውስጥ ሲገባለት ነው። ካርባማዜፒን የሶዲየሙን በር እንደተዘጋ ያቆየዋል፤ ቶሎ ተመልሶ እንዳይከፈት ያደርጋል። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ በልኩ የሚሠራውን ነርቭ ብዙም አይነካም፤ ያለ ዕረፍት የሚተኩሰውን ግን ይገታል። ወንድምሽ መድኃኒቱን እየወሰደ ማሰብና መሥራት የሚችለውም ለዚህ ነው።

ፌኖባርቢታል ደግሞ ጋባ የተባለውን የአንጎል ማረጋጊያ ያግዛል። የክሎራይድ በር ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈትና ነርቩ ይረጋጋል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለውም በዚሁ የተነሳ ነው።

አደራ፣ ፌኖባርቢታሉን በአንድ ቀን አታስጥሉት። እዚህ ደሴ ፋርማሲ ስሠራ ከኮምቦልቻ የሚመጡ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። "ተሻለው" ብለው ወይም ጠበል ስለጀመረ መድኃኒቱን ያስቆሙት ሰው ብሶበት ነው የሚመጡት። ማረጋጊያ የለመደ አንጎል ድንገት ሲነጠቅ የማያቋርጥ መጣል ሊከተል ይችላል፤ ይሄ ለሕይወት ያሰጋል። ጠበሉም ዱዓውም ከመድኃኒቱ ጎን ይሂድ። የፌኖባርቢታሉን አቀናነስ ደግሞ ሐኪሙ በቀን በቀን ለይቶ በወረቀት ይጻፍላችሁ።