ለመጀመሪያዎቹ የኦስካር አሸናፊዎች ሽልማቱ ይገባቸው ነበር?

ጥያቄህ «የመጀመሪያዎቹ የኦስካር አሸናፊዎች እውነት ሽልማቱ ይገባቸው ነበር ወይስ በትውውቅ የተሰጠ ነው?» የሚል ነው። አጭሩን መልስ ላስቀድም። በመጀመሪያው ዓመት ካሸነፉት ያየኋቸው ይገባቸዋል። የሁለተኛው ዓመት ምርጥ ፊልምና ምርጥ ተዋናይት ግን አይገባቸውም። እንዴት እዚህ ላይ እንደደረስኩ ልንገርህ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ የማስበው ሌላ ነበር። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፈውን፣ ስለ ጦር አብራሪዎች የተሠራውን ድምፅ አልባ ፊልም «ዊንግስ»ን መጀመሪያ ያየሁት በስልኬ ነው። ቅጂው የደበዘዘ ነበር። ሰው ሁሉ እየተሯሯጠ ነው የሚራመደው። ከታሪኩ ጋር ምንም የማይገናኝ ፒያኖ ተለጥፎበታል። ግማሽ ላይ ተውኩት፤ ላገኘሁት ሁሉም «ይሄ ነው ምርጥ ፊልም የተባለው?» እያልኩ ከረምኩ። ከዓመታት በኋላ አንድ ወዳጄ የታደሰውን ቅጂ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አሳየን። ሌላ ፊልም ነው የሆነብኝ።

ዳይሬክተሩ ዊሊያም ዌልማን ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ነበር። ተዋናዮቹ የእውነት ሰማይ ላይ ናቸው። ካሜራው ፊታቸውን እንዲያሳይ ሆኖ አውሮፕላኑ ላይ ታስሯል፤ አየር ላይ ሆነው ካሜራውን የሚያስነሱትም ራሳቸው ናቸው። ዌልማን ቴክሳስ ውስጥ ቀረጻውን አቁሞ ደመና ይጠብቅ ነበር። ባዶ ሰማይ ላይ አውሮፕላን የቆመ ነው የሚመስለው። ፍጥነቱም ከፍታውም የሚታወቀው አጠገቡ ደመና ሲኖር ነው። ይህን አውቀህ ስታየው ወንበርህን ጨብጠህ ነው የምትጨርሰው። የፍቅር ታሪኩ ደካማ ነው፤ ፓሪስ ላይ ያለው የስካር ትዕይንትም በጣም ረዝሟል። ቢሆንም ሽልማቱ ይገባዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ሜይ 16 ቀን 1929 ሎስ አንጀለስ፣ ሩዝቬልት ሆቴል ውስጥ ሽልማቱ ሲሰጥ ትልቁ የፊልም ሽልማት አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነበር። «ዊንግስ» የላቀ ፊልም ተባለ። በጥበቡ ልዩ ለሆነ ፊልም የሚሰጠውን ደግሞ የዳይሬክተሩ የሙርናው «ሰንራይዝ» ወሰደ። ይህ ሁለተኛው ዘርፍ በዓመቱ ቀረ። በኋላ ምርጥ ፊልሞች ሲዘረዘሩ የ«ዊንግስ» ስም ብቻ ቀረና «ሰንራይዝ» የተሸነፈ መሰለ። አልተሸነፈም።

«ሰንራይዝ» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ፊልም ነው። አንድ ገበሬ ከከተማ የመጣች ሴት ልቡን ወስዳው ሚስቱን ሐይቅ ውስጥ ሊያሰጥማት ይነሳል። ጀልባው ላይ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። እሷ ከጀልባው ወርዳ ትሮጣለች፤ ትራም ላይ ትወጣለች፤ እሱም ተከትሎ ይገባል። ከዚያ ትራሙ በዛፎቹ መሃል አልፎ ወደ ከተማ ሲሄድ ሚስቲቱን ሆና የምትጫወተውን የጃኔት ጌይነርን ፊት ተመልከት። አታለቅስም፤ አትጮህም። ሊገድለኝ ነበር ብላ ከምትፈራው ሰው ጋር እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ቆማለች። እኔ ያን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላውቅም። ጌይነር በዚያ ዓመት ምርጥ ተዋናይት ተብላ የተሸለመችው በሦስት ፊልሞች ነው፤ ያኔ እንዲህ ይፈቀድ ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ ባይኖሩም በዚህ ብቻ ይገባታል እላለሁ። ካሜራ ያነሱት ሮሸርና ስትራስም ተሸልመዋል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም።

ከ«ሰንራይዝ» ጋር ከተወዳደሩት መካከል የኪንግ ቪዶር «ዘ ክራውድ» አለ። ኒውዮርክ ውስጥ የሚኖር የአንድ ተራ የቢሮ ሠራተኛ ታሪክ ነው። ካሜራው ፎቁን ሽቅብ ወጥቶ በመስኮት ይገባና በመቶ ጠረጴዛዎች መሃል አንዱን ሰው ይፈልጋል። ሁለቱን በተከታታይ ምሽት አይቼ አሁንም መምረጥ አልቻልኩም።

ወደ ሁለተኛው ዓመት ስንመጣ ነገሩ ይቀየራል። ሽልማቱ የተሰጠው ኤፕሪል 1930 ነው። ምርጥ ፊልም የተባለው «ዘ ብሮድዌይ ሜሎዲ» ሲሆን ከድምፅ ፊልሞች ይህን ያሸነፈ የመጀመሪያው ነው። ያኔ ድምፅ ማለት ሁሉም ነገር ነበር። ተዋናዮቹ ማይክሮፎኑ ከተደበቀበት እንዳይርቁ ተገትረው ነው የሚያወሩት፤ ካሜራውም አብሯቸው ቆሟል። ከተዋናዮቹ ቤሲ ላቭ ጎበዝ ናት፤ ሌላው ግን ተመልካቹን ያስደነቀው አዲስ ስለነበረ ነው።

የባሰ የተሰማኝ በሜሪ ፒክፎርድ ነው። በ«ኮኬት» ፊልም የዚያ ዓመት ምርጥ ተዋናይት ተባለች። ፒክፎርድ ኦስካርን ከሚሰጠው አካዳሚ መሥራቾች አንዷ ናት። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ባሏ ዳግላስ ፌርባንክስ ነበር። አሸናፊውን የሚወስኑት አምስት ዳኞች ብቻ ነበሩ፤ እነሱን ደግሞ ቤቷ ሻይ ጠርታቸዋለች። ይህን ሁሉ ግን ወደ ጎን ተወው። እኔ ያደረግኩት «ኮኬት»ንና ከእሷ ጋር የተወዳደረችውን የጂን ኢግልስን «ዘ ሌተር» በአንድ ምሽት ማየት ነው። ፒክፎርድ የአሜሪካን ደቡባዊ ክፍል ሰዎች አነጋገር ስትሞክር ድምፁ ከአፏ ተለይቶ የመጣ ይመስላል። ኢግልስ ደግሞ መጨረሻ ላይ ለባሏ እውነቱን ስትናገር ትንፋሽ ታሳጥራለች። ኢግልስ ሽልማቱ ከመሰጠቱ ወራት በፊት፣ ኦክቶበር 1929 ሞታለች። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ወቀሳው ስለበዛ በሦስተኛው ጊዜ ድምፅ መስጠቱ ለአባላቱ ሁሉ ተከፈተ። ኖቬምበር 1930 ጦርነትን የሚቃወመው «ኦል ኳየት ኦን ዘ ዌስተርን ፍሮንት» ምርጥ ፊልም ሆነ፤ ዳይሬክተሩ ሉዊስ ማይልስቶንም ተሸለመ። የጦር ሜዳውን ያለ ድምፅ ቀርጾ ድምፁን በኋላ ስለጨመረ ካሜራው እንደገና መንቀሳቀስ ቻለ። መትረየሱ ሲተኮስ ካሜራው በምሽጉ ርዝመት እየሄደ፣ ወታደሮቹ በየተራ ሲወድቁ ታያለህ። በርሊን ላይ ሲታይ ናዚዎች ሲኒማ ቤቱ ውስጥ አይጥ ለቀው ነው ያስቋረጡት። ይህኛው ያለ ምንም ጥርጥር ይገባዋል። በዚያው ምሽት ምርጥ ተዋናይት የተባለችው ኖርማ ሺረር ግን የኤምጂኤም ፊልም ኩባንያ ታላቅ ፕሮዲዩሰር የኧርቪንግ ታልበርግ ሚስት ነበረች፤ ስለዚህ ድምፅ መስጠቱ ለሁሉም ስለተከፈተ ብቻ ሐሜቱ አልቀረም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ፒክፎርድን በ«ኮኬት» ብቻ እንዳትለካት። በ1926 የሠራችውን «ስፓሮውስ» ፈልግ። ረግረጉን አቋርጣ፣ ከአዞዎቹ በላይ፣ ሕፃናቱን ይዛ የምታመልጥበትን ተመልከት። ንጹሕ ቅጂ እስክታገኝ ታገስ፤ በስልክ አትየው።