እጀታው የማይበጠስ ቦርሳ፦ ጥያቄና መልስ

ቤት ውስጥ ቦርሳ መስፋት የሚፈልጉ ሰዎች የጠየቁኝን እነሆ በየተራ እመልሳለሁ። ለራሴም ለወዳጅ ዘመድም ስሰፋ ያበላሸሁት ካሳመርኩት አይተናነስም። የምመልሰውም ከዚያው ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ቦርሳ ሰፍቼ አላውቅም። ሸራ ይሻለኛል ጅንስ?

መልስ፦ ለጀማሪ ሸራ። ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ካውያ ይቀበላል፣ አይሳብም። አሮጌ ጅንስም ግሩም ነው፤ ጉልበቱና መቀመጫው ጋ የሳሳውን ግን ተይው። የሚለጠጠውን ጅንስ ደግሞ ጭራሽ አትንኪው፤ እጀታው ቀስ በቀስ እየረዘመ ጉልበትሽ ላይ ይደርሳል። የትኛውንም ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፣ አድርቂው፣ ተኩሺው። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ የተሰፋ ቦርሳ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ፊቱና ገበሩ ይጣላሉ።

ጥያቄ፦ ያለችኝ ተራ የስፌት መኪና ናት። ወፍራም ጨርቅ ስሰጣት ታጓራለች፣ ስፌት ትዘላለች። ትችለው ይሆን?

መልስ፦ መኪናዋን ከመውቀስህ በፊት መርፌዋን ቀይር። ስፌት የሚዘለው ብዙ ጊዜ መርፌው ዶልዱሞ ወይም ለጨርቁ ቀጥኖ ነው። ለሸራና ለጅንስ 100/16 ቁጥር መርፌ አድርግ። የስፌቱንም ርዝመት ከ2.5 ወደ 3 ወይም 3.5 ሚሊሜትር አሳድገው።

ዋናው ፈተና መጋጠሚያዎቹ የሚደራረቡበት እብጠት ነው። እዚያ ስትደርስ የመኪናዋ እግር ወደ ላይ ያንጋጥጥና ጨርቁ አልሄድ ይላል። ያኔ ከዚያው ጨርቅ ቁራጭ አጣጥፈህ ከእግሩ በስተኋላ ሥር አስገባለት፤ ደልደል ይላል። ከዚያ ፔዳሉን ተወውና መዘውሯን በእጅህ እያዞርክ እለፈው። ሌላው መድኃኒት መዶሻ ነው። አዎ፣ መዶሻ። እብጠቱን በጨርቅ ሸፍነህ ጠንካራ ነገር ላይ ቀጥቅጠው። ጎረቤት ያማርር ይሆናል፤ እብጠቱ ግን ይተኛል። ስምንት ድርብ ከሆነብህ ለመኪናዋ እዘንላትና ያቺን ቦታ በእጅህ ስፋት።

ጥያቄ፦ የጥጥ ክር ይሆናል?

መልስ፦ ፖሊስተር ይሻላል። ጥጥ እርጥበትና ፍትጊያ ሲበዛበት ቶሎ ያረጃል።

ጥያቄ፦ ሁለት ቦርሳ ሰፋሁ፣ ሁለቱም እጀታቸው ጋ ተቀደዱ። ጨርቁ ደህና ነው። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ። ቦርሳ የሚሸነፈው ከመሃሉ አይደለም፤ ከመጋጠሚያው ነው። የኔ የመጀመሪያ ቦርሳ ጉድ የሠራኝ ደረጃ ስወጣ ነው። ላፕቶፕ፣ ሁለት ወፍራም መጽሐፍና የውሃ ጠርሙስ ይዣለሁ። እጀታው እጄ ላይ ቀረ፣ ሌላው ሁሉ ወደ ታች ተንከባለለ። (ላፕቶፑ ተርፏል፤ ጠርሙሱ አልተረፈም።) ቤት ገብቼ ሳየው ከእጀታው አንዲት ክር እንኳ አልተመዘዘችም። ለካ ጫፉን በፊቱና በገበሩ መሃል ሰክቼ በአንድ መስመር ስፌት ብቻ ነበር የያዝኩት። ያ ሁሉ ሸክም እዚያች መስመር ላይ ተንጠልጥሏል።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ገበሩን ከማስገባቴ በፊት የእጀታውን ጫፍ 1 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ከቦርሳው አፍ 5 ሴንቲሜትር ያህል አውርጄ ፊቱ ላይ አሳርፈዋለሁ። በግልባጩ በኩል ከእጀታው ሰፋ ያለ የሸራ ቁራጭ እደርብለታለሁ፤ ገበሩ ስለሚሸፍነው አይታይም። ከዚያ አራት ማዕዘን እሰፋና ውስጡን ከጥግ ወደ ጥግ በመስቀል አቋርጠዋለሁ። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ እዞረዋለሁ። ክብደቱ በአንድ መስመር ፋንታ በሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል። የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ ብታዩ ይኸው ቅርጽ አለበት።

እጀታውን ራሱን 10 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ አውጡት። ሁለቱን ጠርዞች ወደ መሃል አጥፋችሁ፣ እንደገና ለሁለት ስታጥፉት 2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አራት ድርብ ይወጣል። ሁለቱንም ዳር ስፉት።

ጥያቄ፦ ታቹ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲቆም ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከእያንዳንዱ የፊትና የኋላ ጨርቅ የታች ጥጎች ላይ አራት ማዕዘን ቁረጭ። ጎንና ጎኑን፣ ታቹንም ከሰፋሽ በኋላ የተቆረጠውን ጥግ ከፍተሽ፣ የጎኑን ስፌት ከታቹ ስፌት ጋር ገጥመሽ አግድም ስፊው። የቆረጥሽው 5 በ5 ከሆነ የታቹ ስፋት እጥፉ፣ 10 ሴንቲሜትር ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሳያስብ ይቆርጥና ቦርሳው አንሶ ይወጣበታል። ፊቱ 30 በ30 እንዲሆን ከፈለግሽ፣ ለስፌት 1 ሴንቲሜትር ትርፍ ይዘሽ 42 ስፋት በ37 ቁመት ቁረጪ።

ጥያቄ፦ ታቹ ላይ ካርቶን ላስገባ?

መልስ፦ እስኪረጥብ ድረስ ጥሩ ነው። ከጠንካራ ፕላስቲክ ቁረጥ፣ ጥጎቹን አክብብ፣ ከገበሩ ጨርቅ ኪስ ስፋለትና ለእጥበት የሚወጣ አድርገው።

ጥያቄ፦ ዚፕ እፈራለሁ። በማግኔት ባልፈውስ?

መልስ፦ ይቻላል። ማግኔቱ የሚያርፍበትን ከኋላ ደርብለት እንጂ፤ አለዚያ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ጨርቁን እየጎተተ ይበሳዋል። ዚፑን ከደፈርክ የናይለኑን ውሰድ። በላዩ መስፋትም፣ በመቀስ ማሳጠርም ይቻላል። የብረቱን ጥርስ የመታ መርፌ ግን ይሰበራል፤ ስባሪው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቅ።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም። በእጅ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ ትዕግሥት ካለሽ። ዝም ብለሽ አትወስውሺው፤ በእያንዳንዱ ስፌት መርፌውን ወደ ኋላ እየመለስሽ ሂጂ። ክሩን ድርብ አድርገሽ በንብ ሰም ሳቢው። ወፍራሙ ጋ በወስፌ ቀድመሽ ብሺው፤ ጣትሽ ያመሰግንሻል።

ጥያቄ፦ ቆዳስ?

መልስ፦ ለሁለተኛው ቦርሳ አቆየው። ቆዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ አይደፈንም፤ ስለዚህ ስፒል አይሰካበትም፣ ፈትቶ መስፋትም የለም። ስፌቱን ወደ 4 ሚሊሜትር አርዝመው። ከተቀራረበ ቆዳው በቀዳዳው መስመር ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ የገበሩ ቀለም ለውጥ አለው?

መልስ፦ ፈዘዝ ያለ ይሁን። ጥቁር ገበር ውስጥ ቁልፍ መፈለግ በጨለማ ጉድጓድ እጅ መስደድ ነው።

ጥያቄ፦ ጨርሼ ስገለብጠው ገበሩ ውስጡ ተጨማደደ። ልፍታው?

መልስ፦ ሁሉንም አትፍታ። ገበሩን ከፊቱ እኩል ስለሰፋኸው ነው፤ ወፍራሙ ፊት ውስጡን ያጠበዋል። ቦርሳውን ለመገልበጥ ገበሩ ላይ ሳትሰፋ በተውከው ክፍተት ገበሩን ወደ ውጭ ሳበው፣ ጎንና ጎኑን 3 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብለህ ድገመው፣ ከዚያ መልሰው። ክፍተቱን ዘግተኸው ከሆነ ያቺን ስፌት ብቻ ፍታት።