ሞንቴሶሪ በኮንዶሚኒየም ቤት፦ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ከስምንት ዓመት በፊት እኔው ራሴ የጻፍኩት መሰለኝ። ልጅሽ ሦስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ ልጅ በራሱ እጅ እየሠራ የሚማርበት፣ ሞንቴሶሪ የሚባለው አጸደ ሕፃናት ክፍያው ከአቅምሽ በላይ ሆኗል፤ ቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል ወይ፣ ዕቃዎቹንስ ከየት ልግዛ ብለሻል። የጎረቤት ልጅ ከሀ እስከ ፐ ስትወጣው የአንቺዋ አንድም ፊደል አለመለየቷም አስጨንቆሻል። እኔ ሁለት ልጆች በዚሁ መንገድ አሳድጌአለሁ። ትልቁ አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ታናሽቱ ሰባት። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ይቻላል። ዕቃ ግን አትግዢ፤ ቢያንስ ለሦስት ወር ምንም አትግዢ።

ይህን የምልሽ ገዝቼ ስላየሁት ነው። ልጄ ሦስት ዓመት ሲሞላው ከውጭ አገር ለሚመጣ ዘመድ ገንዘብ ልኬ ሮዝ ግንብ የሚባለውን አስመጣሁ። አሥር የእንጨት ኪዩቦች ናቸው፤ የትንሹ ጎን 1 ሳንቲ ሜትር፣ የትልቁ 10 ሳንቲ ሜትር። ቀለማቸውም ቅርጻቸውም አንድ ነው፣ የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነው። ይህም የሕፃኑ ዓይንና እጅ ሌላ ነገር ሳያዘናጋቸው መጠንን ብቻ እንዲያጠኑ ተብሎ የተደረገ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር። ልጄ ግን ኪዩቦቹን መኪና አድርጎ በወለሉ ላይ ነዳቸው፤ ትንሿ አልጋ ሥር ገብታ ቀረች። እኔም «እንደዚህ አይደለም!» እያልኩ ከእጁ እየነጠቅሁ መደርደር ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ሮዝ ነገር ሲያይ ፊቱን ያዞር ጀመር። ዕቃው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ያጠፋው የእኔ እጅ ነው።

ሰዎች ሞንቴሶሪን የሀብታም ልጅ ትምህርት አድርገው ያዩታል፤ አጀማመሩ ግን ሌላ ነው። ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን «የልጆች ቤት» የከፈተችው ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1899 ዓ.ም. ነበር፤ የገና ዋዜማ ማለት ነው። የሠራተኛ ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ ብቻቸውን እየዋሉ የሕንፃውን ግድግዳና ደረጃ ስላበላሹ ባለቤቶቹ ጠባቂ ፈለጉላቸው። እሷም ጠባቂ ብቻ ሆና አልቀረችም፤ ተቀምጣ ተመለከተቻቸው። ልጆቹ አሻንጉሊቱን ትተው እውነተኛ ሥራ ሲመርጡ ያየችው እዚያ ነው።

ከጻፈቻቸው ነገሮች ሁሉ ከአእምሮዬ የማይጠፋው የአፍንጫው ታሪክ ነው። አንድ ቀን ልጆቹን ሰብስባ መሐረብ አውጥታ፣ ድምፅ ሳያሰሙ እንዴት እንደሚናፈጡ ቀስ አድርጋ አሳየቻቸው። ይስቃሉ ብላ ነበር። እነሱ ግን ትንፋሻቸውን ይዘው ተመለከቷት፤ ስትጨርስም አጨበጨቡላት። ስለ አፍንጫቸው ሁልጊዜ ይሰደቡ ነበር እንጂ ማንም በክብር አሳይቷቸው አያውቅም ነበርና። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ስንቴ ልንገርህ!» የሚለው ቃል አፌ ላይ ሲመጣ፣ ነግሬዋለሁ፣ ግን አሳይቼዋለሁ ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ አላሳየሁትም።

እንግዲህ ወደ ቤትሽ ልግባ። ነገ ጠዋት አንድ ሲኒ ምስርና አንድ ባዶ ሲኒ በትንሽ ትሪ ላይ አድርጊ። አጠገቧ ተቀመጪና ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ ብለሽ ገልብጪ፣ መልሰሽም ወደ መጀመሪያው። በምትገለብጪበት ጊዜ አታውሪ፤ እጅሽን ታይ ወይም ቃልሽን ትስማ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትችልም። አንድ የወደቀ ፍሬ ካለ በሁለት ጣት አንሥተሽ ወደ ሲኒው መልሺ። ከዚያ ትሪውን አቅርቢላትና እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ። አስቸጋሪው ይህ የመጨረሻው ነው። ምስሩን ስትደፋው አትነሺ። ሃያ ጊዜ ብትደጋግመው «በቃሽ» አትበያት። (ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካላት ግን ተጠንቀቂ፤ ሁሉን ወደ አፍ የሚያስገባ ሕፃን ባለበት ምስርና ዶቃ ወለል ላይ አይቀመጥም።)

ቤታችን የዚህ ዓይነት ሥራ ሞልቶታል። ቡና መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መፈልፈል፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ሲኒ ማጠብ፣ ፎጣ ማጠፍ፣ በቁመቷ ልክ በተቆረጠ መጥረጊያ መጥረግ። ከሰሉና የፈላው ጀበና ሲቀር የቡናው ሥርዓት እንኳ ለእሷ ሥራ አለው፤ ፈንድሻውን ማቅረብ የእሷ ይሁን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንደምትኖሪ ጽፈሻል፤ የእኛም ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ውሃም በሳምንት ሁለት ቀን ነበር የሚመጣው። በውሃ መጫወት ኃጢአት በሚመስልበት ቤት ለውሃ ቅጂው ሥራ ከአንድ ብርጭቆ በላይ አልሰጥም ነበር፤ የፈሰሰውንም የተረፈውንም ለመጸዳጃ ቤት አጠራቅመዋለሁ። ልጆቹ ውሃ መቆጠብን ያለ ስብከት የተማሩት ከዚያች ብርጭቆ ይመስለኛል።

ከሁሉም የምወደው ግን ማስታጠብ ነው። ሞንቴሶሪ የጨዋነት ልምምድ የምትለው አለ፤ ሰላምታ መስጠት፣ በሰው ፊት ማለፍ፣ ዕቃ ማቀበል። እኛ ማስታጠብን የመሰለ ሀብት ይዘን ልጆቻችንን በስልክ እናስቀምጣለን። ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ለፋሲካ ብዬ ሁለት ሳምንት አለማመድኩት፤ ግማሽ ድረስ የተሞላ ትንሽ የፕላስቲክ ጆግ፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሳፋ፣ ክንዱ ላይ ፎጣ። በዓሉ ደረሰና ዘመድ ተሰበሰበ። ወደ አያቱ ሄደ። ጆጉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ከአያቱ ጣቶች ላይ የሚወርደውን የውሃ ክር እንጂ ማንንም አያይም። አባቴ ጣታቸውን ከፍ ሲያደርጉ ጆጉን ቀና አደረገ። ማንም «በቃ» አላለውም፤ ራሱ አየ። ወደ ሁለተኛው እንግዳ ሲዞር ሳፋው በክርኑ ተነካና ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ከወንበሬ ግማሽ ተነሥቼ ነበር። ተቀመጥኩ። እሱም ጆጉን አስቀምጦ ወደ ወጥ ቤት ሄዶ መወልወያ ጨርቁን አመጣና ከእርጥቡ አጠገብ ያለውን ደረቁን ቦታ ደህና አድርጎ ወለወለው። እርጥቡ እስከ ማታ ድረስ እርጥብ ሆኖ ቆየ። አባቴም «እደግ፣ ተመንደግ» አሉት።

እጅግ የከበደኝ ከልጆቹ ይልቅ ከትልልቆቹ ጋር መስማማት ነው። አንቺም ሥራ ትውያለሽ፤ ከልጅሽ ጋር የምትውለው የቤት ረዳትሽ ናት። እሷ ደግሞ እንጀራው፣ ልብሱ፣ ወጡ ይጠብቃታል፤ ልጅቷ ጫማዋን እስክታስር አሥር ደቂቃ ቆማ ልትጠብቅ አትችልም። እኔ መጀመሪያ ትእዛዝ ሰጠሁ፤ «አታጉርሺው፣ ራሱ ይብላ፤ አታልብሺው፣ ራሱ ይልበስ»። ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው ሥራ ቀንሼላት ከእሷ ጋር ቁጭ ብዬ ሳወራ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ለልጁ ብቻ እንዲሆን፣ በዚያ ሰዓት ቤቱ ባይጠረግ ወቀሳ እንደሌለ ተስማማን። በጉርሻ ጉዳይም መሐል መንገድ አገኘን፤ የፍቅር ጉርሻ ለበዓልና ለእንግዳ፣ የዘወትር ምግብ ግን በራስ እጅ።

ስለ ፊደሉ አትጨነቂ። ከሀ እስከ ፐ ማለት ዜማ ነው። የጎረቤትሽን ልጅ «ሂ የቷ ናት?» ብለሽ ብትጠይቂያት ከሀ ተነሥታ ሳትዘምር ትደርስበታለች ብዬ አላምንም። የሞንቴሶሪ መንገድ ከድምፅና ከጣት ይጀምራል። አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበትን የብርጭቆ ወረቀት ግዢ፤ እስካሁን ግዢ ያልኩሽ ይህን ብቻ ነው። ፊደሉን ከእሱ ቆርጠሽ ካርቶን ላይ ለጥፊ። በሁለት ጣቷ፣ በምንጽፍበት አቅጣጫ እየዳሰሰች ድምፁን ትበል። ትምህርቱ ሦስት እርከን አለው፤ ሞንቴሶሪ ከፈረንሳዊው ሐኪም ከሴጋን የወሰደችው ነው። «ይቺ ላ ናት፣ ይቺ ም ናት» ትያታለሽ። በሌላ ጊዜ «ላን ስጪኝ» ትያታለሽ። መጨረሻ ላይ ብቻ «ይቺ ማን ናት?» ትያታለሽ። ሁለተኛው ላይ ብትሳሳት አታርሚያት፤ ዘግተሽ ነገ ከመጀመሪያው ጀምሪ።

ሠላሳ ሦስቱን በሰባት አባዝተሽ 231 ብለሽ አትደንግጪ። ፊደላችን ለሕፃን የተመቸ ነው። በላቲን ፊደል የሚማር ልጅ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ አውቆ ማጣበቅ አለበት፤ የእኛው ልጅ ላንና ምን ካወቀ ላም አነበበ ማለት ነው። ስለዚህ በተርታ አትሂጂ። ከምትወዳቸው ቃላት ተነሺ፤ ላም፣ ቤት፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ዶሮ። መልካቸው የሚቀራረቡትን፣ ለምሳሌ ሰንና ሸን ወይም ደንና ጀን፣ በአንድ ቀን አታምጪ። ሴት ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሲሆናት ሁለቱን ካርቶኖች ጎን ለጎን አድርጋ «ላ... ም... ላ... ም» ስትል ቆይታ ድንገት ጮኸችና ላሟን ልታሳየኝ ይመስል ወደ መስኮት ሮጠች።

ወደፊት አቅም ካገኘሽና ትምህርት ቤት ካማረሽ በሩ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ክፍሉን እዪ። እኔ ስሙን አይቼ ልጄን ያስገባሁበት አንድ ቦታ የሦስት ዓመት ሕፃናትን በረድፍ አስቀምጦ ሁለት ገጽ ሀ የቤት ሥራ ይሰጥ ነበር፤ ከአንድ መንፈቅ በኋላ አስወጣሁት። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች በአንድ ክፍል አሉ ወይ? መደርደሪያው ልጆቹ የሚደርሱበት ነው ወይ? ጠዋት ደወል ሳያቋርጣቸው ለሦስት ሰዓት ያህል ይሠራሉ ወይ? አንድ ልጅ ሲያፈስ መምህርቷ ምን ታደርጋለች? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

በአንድ ነገር ከሞንቴሶሪ ጋር አልስማማም። ለትንንሽ ልጆች ተረትን ብዙ አትደግፍም ነበር፤ መጀመሪያ እውነተኛውን ዓለም ይወቁ ትላለች። እኔ ግን መብራት በጠፋበት ማታ «ተረት ተረት» ስል ሁለቱም በአንድ አፍ «የላም በረት» የሚሉበትን ሰዓት ለማንም ዘዴ አልሰጥም።

ስለ ረዳታችን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከተስማማን አራት ወር ገደማ ሲሆን ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ደወልኩ፣ ልጄን ላናግረው ብዬ። ስልኩን አንሥታ በሹክሹክታ መለሰችልኝ፤ «እትዬ፣ ቆይተው ይደውሉ። ቡና እየለቀመ ነው፣ ሥራ ላይ ነው» አለችና ዘጋችው።